ዊተን እንዴት ያለ ሰፈር ነው ላላችሁኝ

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ክረምቱ ገብቷል፤ ብርዱም እንደምታውቁት ነው።

ሰኔ 21 ቀን የማርያም ማኅበር ነበረን። ጠላው እየተቀዳ ሳለ አንዲት ጎረቤቴ፣ እትዬ የምላቸው ትልቅ ሴት፣ ወደ እኔ ዞር አሉ። ልጃቸው አሜሪካ ልትሄድ ነው። ባሏ ጠርቷት ፕሮሰሱ አልቋል። እሱ የሚኖረው ሜሪላንድ፣ ዊተን ነው። ታዲያ አንድ ዘመድ ከዚያው ደውሎ «ዊተን የወደቀ ሰፈር ነው፤ ልጅቷን ወስዶ የት ሊያስቀምጣት ነው?» ብሏቸዋል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥተዋል። «አንተ እዚያ ኖረሃል፤ እስቲ በማርያም እውነቱን ንገረኝ» አሉኝ።

ቤቱ ሰው ሞልቶት ስለነበር አጠር አድርጌ መለስኩላቸው። ሆዴ ግን አልረካም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከሸኖም ከደብረ ሲናም ደርሶኛል። ስለዚህ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ዊተን 18 ዓመት ኖሬያለሁ። ሁለት ልጆች አሳድጌበታለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ዊተን ከዋሽንግተን በስተሰሜን፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ (ካውንቲ እንደኛ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው) ውስጥ ያለ ሰፈር ነው። የራሱ ከንቲባ የለውም፤ የሚያስተዳድረው ካውንቲው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት አካባቢው በአብዛኛው እርሻና የመንገድ መገናኛ ነበር። በ1945 ጦርነቱ አበቃ። ወታደሩ ተመለሰ፣ አገባ፣ ወለደ። የሚገባበት ቤት ግን አልነበረም። በ1944 የወጣ ሕግ መንግሥት ለተመላሽ ወታደሮች የቤት ብድር ዋስ እንዲሆን አድርጎ ነበር። ብድሩ ሲገኝ ቤቱ በጅምላ ተሠራ። ቪርስ ሚል ቪሌጅ የሚባለው መንደር የዚያን ጊዜ ሥራ ነው። አንድ ዓይነት ቤቶች ተደርድረዋል። ሁለት መኝታ፣ ሳሎን፣ ኩሽና፣ በቃ።

ዛሬ አይቶ «ይህቺ ናት እንዴ አሜሪካ?» የሚል አለ። ቤቶቹ ትንንሽ የሆኑት ግን ከመጀመሪያው ለጀማሪ ቤተሰብ ስለተሠሩ ነው። ትንሽ በመሆናቸውም ነው ከሩቅ አገር የመጣ ጀማሪ ሊደርስባቸው የቻለው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ከጦርነቱ በኋላ ከተሠሩት እንዲህ ያሉ ሰፈሮች ብዙዎቹ ጥቁር አያስገቡም ነበር። በቤቱ ውል ላይ ሳይቀር ለጥቁር እንዳይሸጥ ተብሎ ይጻፍ ነበር። በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች ማስፈጸም አይችሉም አለ። በቤት ሽያጭና ኪራይ ሰውን በዘሩ መለየት በሕግ የተከለከለው ደግሞ በ1968 ነው። እኔ ይህን ያወቅኩት ከገባሁ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ባወቅኩ ጊዜ ያቺን ትንሽ ቤት የማይበት ዓይን ተለወጠ።

እንግዲህ መጥፎ ስሙ ከየት መጣ? አንደኛ፣ ጎረቤቶቹ ሀብታም ናቸው። በዚያው ካውንቲ ውስጥ ፖቶማክና ቤተስዳ አሉ። ከእነሱ አጠገብ ቆሞ ማን ያምራል? ሁለተኛ፣ በ2002 ኦክቶበር ላይ ሁለት ሰዎች መኪና ውስጥ ተደብቀው እየተኮሱ አላፊ አግዳሚውን ገደሉ። ጥቃቱ የጀመረው በዚያ አካባቢ ነው። ቨርጂንያንም ዋሽንግተንንም አዳርሷል፤ 10 ሰው ሞቷል። የዊተን ስም ግን በብዙ ሰው አእምሮ ከዚያ ጋር ተጣብቆ ቀረ።

ሦስተኛው ለእኔ ዋናው ነው። ስሙን የሚያወጡለት በመኪና የሚያልፉት ናቸው። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ስትነዱ የምታዩት ስድስት ረድፍ መኪና፣ ጋራዥ፣ የዕዳ መክፈያ ማስታወቂያ፣ ያረጀ የሱቅ ረድፍ ነው። ወደ ውስጥ አንድ መንገድ ታጥፋችሁ ብትገቡ ግን ትልልቅ ዛፍ፣ የተቆረጠ ሣር፣ ብስክሌት የሚነዳ ሕፃን ታያላችሁ። የእኛዋን ደብረ ብርሃን አስቡ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈው መንገደኛ ለቁርስ ይወርዳል፤ እጁን እያሻሸ ሻይ ይጠጣል፤ ደሴ ሲደርስ «ደብረ ብርሃን ብርድ ብቻ ነው» ይላል። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይሰማዋል? እኔም ስለ ዊተን ስሰማ እንደዚያው ነው የሚሰማኝ።

ሌባ የለም አልልም። የመኪና መስታወት ተሰብሮብኛል። ማታ ከሱቆቹ ጀርባ በጨለማ መሄድ አይመከርም። እኔን ከሌባው በላይ ያስፈራኝ ግን መንገዱ ነው። ጆርጂያ አቬኑና ቪርስ ሚል ሮድ ለእግረኛ የተሠሩ አይደሉም። መኪናው ይበርራል፤ መሻገሪያው ሩቅ ነው። አዲስ ገቢ ደግሞ መኪና ስለሌለው በእግሩ ነው የሚሄደው። ልጅቷ መብራት ሳይበራላት እንዳትሻገር አደራ በሏት። ዞሮ መሄዱ ይሻላል።

መኪና ሳይኖር መኖር ይቻላል ወይ ለሚል ደግሞ፣ እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያለ መኪና ነው የኖርኩት። ሆቴል ውስጥ ነበር የምሠራው፤ መሀል ዋሽንግተን። የዊተን ሜትሮ (የከተማ ባቡር) ጣቢያ የተከፈተው በ1990 ነው። ተንቀሳቃሽ ደረጃው 70 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በዚያ የምድር ክፍል ከእሱ የሚረዝም የለም ይባልለታል። መጀመሪያ ቀን ከላይ ሆኜ ወደ ታች ሳይ የጣርማ በር ገደል ነው የታወሰኝ። ሲበላሽ በእግር ነው የሚወጣው፤ ከሌሊት ሥራ ለሚመለስ ሰው ቀላል አይደለም። ቀጣዩ ፎረስት ግሌን ነው። እሱ ከመጠን በላይ ጥልቅ ስለሆነ ተንቀሳቃሽ ደረጃ የለውም፤ በሊፍት ብቻ ነው የሚወጣው። ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ ይደርሳል። ሲልቨር ስፕሪንግ ከደረሳችሁ እንጀራውም በርበሬውም ቅቤውም አለ። በአማርኛ ጸጉር የሚሠራላችሁ፣ በአማርኛ ታክስ የሚሞላላችሁ ሰው አለ። ከዊተን ሁለት ፌርማታ ብቻ ነው።

ዊተን ውስጥም ትልቅ የገበያ ማዕከል አለ። በ1960 ሲከፈት ጣሪያ አልነበረውም፤ ሱቆቹ ሜዳ ላይ ነበሩ። ዛሬ ተሸፍኗል። በክረምት በረዶ ሲጥል እናቶች ልጅ ይዘው እዚያ ውስጥ ሲንሸራሸሩ ይውላሉ። ብሩክሳይድ ጋርደንስ የሚባል የአበባ ሥፍራ አለ፤ መግቢያው ነፃ ነው። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ሳለ ሐኪሙ እርምጃ አዘዘላት። በየቀኑ እዚያ ነበር የምንሄደው። ያን ጊዜ ኪሳችን ባዶ ነበር፤ ሆኖም እንደ ሀብታም ነበር የምንንሸራሸረው።

የልጆች ትምህርት ነገር ብዙ ሰው ያስጨንቀዋል። የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የሚልኩትን ወረቀት ከሚተረጉሙባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ልጄ በመጀመሪያው ሳምንት በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አነበበችውና አለቀሰች። ልጁ እንግሊዝኛ ገና ከሆነም ለብቻው የሚያግዙት አስተማሪዎች አሉ።

ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ነበሩ። ከእኛ ጋር የሚመሳሰሉበት ነገር ብዙ ነው። ቡና ይወዳሉ፤ ልጅ ይወዳሉ፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሰው ይሞላል። እናቴ ከደብረ ሲና መጥታ ስድስት ወር ስትቀመጥ ከአጠገባችን ካለችው ሴትዮ ጋር ተላመደች። አንዲት የጋራ ቃል የላቸውም። እናቴ ቆሎ ትሰጣታለች፤ እሷ በበቆሎ ሊጥ የተሠራ ትኩስ ቂጣ ታመጣላታለች። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ብቻዋን ሱቅ ደርሳ ትመለስ ነበር። መንገዱን በሁለት ዛፍና በአንድ ቀይ በር ነበር የምታውቀው።

በዚያው ጊዜ አንድ ጓደኛችን ራቅ ብሎ ጀርመንታውን አዲስ ቤት ገዛ። የሚያምር ቤት ነው፤ ሦስት መታጠቢያ አለው። እናቴን ሳምንት እንድትቆይ ወሰዳት። ባልና ሚስቱ ጠዋት በየመኪናቸው ይወጣሉ። እሷ መስኮት ስር ተቀምጣ ትውላለች። በእግር የሚደረስበት ምንም ነገር የለም። በሦስተኛው ቀን ደወለችልኝ። «ቤቱ ቤተ መንግሥት ነው፤ ሰው ግን አላለፈም» አለችኝ። ሄጄ አመጣኋት።

ሰፊ ቤት የፈለገ፣ ሁለት መኪና የያዘ፣ ልጆቹ ከፍ ያሉለት ሰው ቢርቅ አልቃወምም። ብዙዎቻችን በኋላ ሄደዋል፤ ደስተኞችም ናቸው። ገና ከአውሮፕላን የወረደች፣ መንጃ ፈቃድ የሌላት፣ ባሏ ሌሊት የሚሠራ ሴት ግን በሩቅ ሰፈር ባዶ ቤት ውስጥ ስትቀመጥ ልቧ ይሰበራል። አይቻለሁ።

አሁን ወደ ቤቱ ልምጣ፤ ጉዳት ያየሁት እዚህ ላይ ስለሆነ። መጀመሪያ የተከራየነው ቤዝመንት፣ ማለትም ከቤቱ ስር ያለውን ምድር ቤት ነበር። ቤቶቹ 70 እና ከዚያ በላይ ዓመት ሆኗቸዋል። በአንድ የሐምሌ ዝናብ ውኃ በግድግዳው ገባ። ምንጣፉ ራሰ። አከራዩ «ይደርቃል» አለ። አልደረቀም፤ ሻገተ። ልጄ ማሳል ጀመረች። ሦስት ወር ታገሥን፤ ምክንያቱም አበሻ ነው፣ ቅያሜ እንዳይፈጠር ብለን። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው በዚያ መታገሥ ይቆጨኛል።

ስለዚህ የእትዬ ልጅ ባል ክፍል ሲያይ መጀመሪያ ግድግዳውን ከታች በኩል ይዳስስ፤ ያሽትት። ሰው ሊወጣበት የሚችል መስኮት ከሌለው እሳት ቢነሳ መውጫ የለም ማለት ነው፤ እንዲህ ባለ ክፍል አይተኛ። የጢስ ማስጠንቀቂያው ይጮህ እንደሆነ ራሱ ተጭኖ ይሞክር። ካውንቲው ውስጥ ቤት ለማከራየት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ አለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ቀለሙ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖረው ይችላል። እርሳሱ በተለይ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል። አከራይ የሚያውቀውን በጽሑፍ እንዲያሳውቅ የፌዴራሉ ሕግ ያስገድደዋል። ቀለሙ የሚፈረፈር ከሆነ፣ እርጉዝ ወይም ሕፃን ካለ፣ ሌላ ቤት ይፈለግ።

ስለ ገንዘቡም ልበል። ከ2024 ኦክቶበር ጀምሮ ሜሪላንድ ውስጥ ዲፖዚት (ተከራይ ሲገባ የሚያስይዘው ገንዘብ) ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። በዚያው ዓመት ካውንቲው በኪራይ ጭማሪ ላይም ጣሪያ አድርጓል፤ ቢበዛ በዓመት 6 በመቶ። ይህ በዋናነት የቆዩ አፓርትመንቶችን ይጠቅማል። አንድ ወይም ሁለት ቤት ብቻ የሚያከራይ ግለሰብን አይመለከትም፤ ስለዚህ ቤዝመንት ለሚከራይ ላይሠራለት ይችላል። አቤቱታ ያለው ሰው ወደ ካውንቲው ስልክ 311 ደውሎ አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል። እኛ ያን ጊዜ ይህን አላወቅንም።

እትዬ፣ ይህን ልጅዎ ታነብልዎታለች። አማችዎ ሚስቱን ክፉ ቦታ ሊጥላት አይደለም። ሰፈሩን አውቀዋለሁ። ክፍሉን ግን አላውቀውም፤ እሱን አብረን እንየው። ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ቤትዎ እመጣለሁ። እዚያ ያን ጊዜ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ብርሃን ይሆናል። በቪዲዮ እንደውልለትና መስኮቱን ከፍቶ ያሳየን፤ ከዚያ ከበሩ ወጥቶ እስከ ሜትሮው በእግሩ ይሂድ፤ እርስዎም መንገዱን ያያሉ። ቡናውን ብቻ ያዘጋጁ።