ሰርቨሩ ይጮሃል እንጂ አይነሳም

የደሴው አይቲ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ኮሌጅ ውስጥ ብቻዬን አይቲ ነኝ። ኔትወርኩም፣ ፕሪንተሩም፣ የዲኑ ስልክም የእኔ ጣጣ ነው። ትናንት ማታ መብራት ሄደ መጣ፣ ሄደ መጣ። መብራት ሲሄድ ሰርቨሩን ለጥቂት ጊዜ የሚይዘው የዩፒኤሱ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ጠዋት ስገባ ሰርቨሩ ጠፍቷል። ፓወሩን ስጫነው ፋኖቹ ጣሪያ ሊያነሱ ይደርሳሉ። ፊት ለፊት ያለችው ብርቱካናማ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ስክሪኑ ግን ጨለማ፤ የአምራቹ ምልክት እንኳን አይመጣም። 2 ፕሮሰሰርና ባለ 16 ጊጋ 8 ራም (የማስታወሻ ካርድ) አለው፣ ዓይነቱ ዲዲአር4። ሞኒተርም ኬብልም ቀይሬያለሁ።

ሰኞ ምዝገባ ነው። ሬጅስትራሯ በየ10 ደቂቃው በሩን ከፍታ ታየኛለች። ምንም አትልም። እሱ ነው የባሰው። ዲስኮቹን አውጥቼ ሌላ ማሽን ላይ ልሞክራቸው?

ኬብል አንሺ፦
ዲስኩን እንዳትነካ! ምልክቱ ሳይመጣ የቆመ ማሽን ዲስኩ ጋ ገና አልደረሰም። ሁለቱንም የፓወር ገመድ ንቀል። ተነቅለው እያሉ የፓወር ቁልፉን 20 ሰከንድ ያህል ተጭነህ ያዝ፣ ውስጡ የቀረው ቻርጅ ይውጣ። ከዚያ በአንዱ ፓወር ሰፕላይ ብቻ፣ ቀጥሎ በሌላው ብቻ ሞክር። የማኔጅመንት ፖርቱስ፣ ሰርቨሩን ከሌላ ኮምፒውተር የምትቆጣጠርበት መሰኪያ? እሱ ሰርቨሩ ባይነሳም ገመድ እስከተሰካ ይሠራል። በላፕቶፕ ገብተህ የብልሽት መዝገቡን ብታነብ ጥፋተኛውን ሊነግርህ ይችላል።

የደሴው አይቲ፦
የማኔጅመንቱ ፓስወርድ ከእኔ በፊት ከነበረው ሰው ጋር ሄዷል። ፓወር ሰፕላዮቹን አፈራርቄያለሁ፣ ያው ነው።

ጎመን በጤና፦
ራሞቹን አውጥተህ እግራቸውን በላጲስ ፈግፋቸው። እኔ ስንቱን አስነስቻለሁ።

ጋሽ ሶኬት፦
ላጲሱ ይቅር። ፍርፋሪው ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል፣ የወርቅ ቅቡንም ይልጣል። ኢሶፕሮፒል አልኮል ነው የሚሻለው። ካቲካላ አላልኩም።

ልጄ፣ ራቁቱን አስቀረው። ተጨማሪ ካርዶች ይውጡ። ፕሮሰሰሮቹን ለጊዜው ተዋቸው፣ የሶኬቱ ፒን ከታጠፈ ሌላ ለቅሶ ነው። ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር አንድ አንድ ራም ብቻ ስጠው፣ ቁጥር 1 ቀዳዳ ላይ። ሥዕሉን ብዙ ጊዜ ክዳኑ ውስጥ ለጥፈውት ታገኘዋለህ። ካልተነሳ እነዚያን ሁለቱን በሌሎች ሁለት ተካ። ደግሞ ራም ስትነካ ሁልጊዜ ገመዱ ይነቀል። ማሽኑ ጠፍቶም ገመድ ካለ ቦርዱ ላይ ኤሌክትሪክ አለ።

የደሴው አይቲ፦
ተነሳ!! ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ራሞቹን በነጭ ማጥፊያ ቀለም ከ1 እስከ 8 ቁጥር ሰጠኋቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲገቡ ምልክቱ መጣ። ከዚያ አንድ አንድ እያልኩ ስጨምር 6ኛዋ ላይ ጨለመ። እሷን ሳወጣ ተነሳ፣ ስመልሳት ጨለመ። ሦስቴ ደገምኩት። 2ቱም ወገን እኩል እንዲሆን ጓደኛዋንም አውጥቼ በ6 እየሄደ ነው።

ታሪኩ ግን አላለቀም። ሰርቨሩ ተነስቶ ማንም ሎግኢን ማድረግ አልቻለም። ሰዓቱን ሳየው ጃንዋሪ 1፣ 2018 ይላል። ለካ ወደ እኛ ዘመን አቆጣጠር ዞሯል! የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞታ ኖሮ ገመዱን ስነቅል ሰዓቱ አብሮ ጠፋ። በሰርቨሩና በኮምፒውተሮቹ ሰዓት መካከል ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት ካለ ዶሜይኑ (የሁሉንም ሎግኢን በአንድ ቦታ የሚያጣራው ሥርዓት) አያስገባም፣ የኛ ደግሞ ስንት ዓመት። ባትሪዋን ስለካት 1.9 ቮልት፤ 3 መሆን ነበረባት። ሲአር2032 ናት፣ ከሰዓት ጠጋኙ ገዝቼ ቀየርኳት፣ ሰዓቱንም አስተካከልኩ። ሬጅስትራሯ ገብታለች።

ጋሼ፣ 6ኛዋን በአልኮል ልሞክራት ወይስ ልጣላት?

ጋሽ ሶኬት፦
አንዴ ጠርገህ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሞክራት፤ ግን ከምዝገባው በኋላ። እዚያም ካጨለመች የቁልፍ መያዣ አድርጋት።