ለስኳር ሕመምተኛ ተረከዝ ማር ወይስ ሰም?

የማርቆሷ፦
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ 64 ዓመቱ ነው። ስኳር ከያዘው 11 ዓመት አለፈው። ተረከዙ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል፤ "ምንም አያመኝም" ይላል። አንዷ ጎረቤታችን ማር ቀቡት አለች፣ ሌላዋ የጠጅ ሰፈፍ (ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ሰም) በቅቤ። የሞከረ አለ? ማሩስ ስኳሩን አይጨምርበትም?

ባለ ቀፎው፦
ንብ አናቢ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ለደረቅ ቆዳ የሚሻለው ከማሩ ይልቅ ሰሙ ነው። ስስ ሽፋን ሆኖ የቆዳው እርጥበት እንዳይተን ይይዛል። የጠጅ ሰፈፍ ግን ንጹሕ ሰም አይደለም። በውሃ አፍልተሽ በጨርቅ ሳታጠልዪው እንዳትነኪው። አንድ እጅ ንጹሕ ሰም፣ አራት እጅ የሰሊጥ ወይም የወይራ ዘይት በትንሽ ዕቃ አድርጊና ዕቃውን የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጪው። በቀጥታ እሳት ላይ አትጣጂው፣ ሊቀጣጠል ይችላል። ሲበርድ እንደ ቫዝሊን ይረጋል። የሱቅ ጧፍ አቅልጬ ልጠቀም እንዳትይ፤ ፓራፊን (ከነዳጅ የሚሠራ ሰም) ሊኖርበት ይችላል።

ሲስተር ከሐዋሳ፦
እኔን ያስደነገጠኝ "አያመኝም" ማለታቸው ነው። ስኳር ሲቆይ ነርቭ ይጎዳል። እግር ይደነዝዛል፣ ላብም ይቀንሳል፤ ቆዳው የሚደርቀው ለዚህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በደንብ እዪው። ንቃቃቱ ውስጥ ደም፣ ፈሳሽ፣ ሽታ ወይም የጠቆረ ነገር ካለ፣ ዙሪያው ካበጠ ወይም ከቀላ ሰምም ማርም የለም፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ።

ደረቅ ብቻ ከሆነ ለብ ባለ ውሃ እጠቢ። ሙቀቱን በራስሽ ክርን ለኪው፣ በእሳቸው እግር አይደለም! በጨርቅ አብሰሽ አድርቂና ቀቢ። በጣቶቹ መካከል ግን አትቀቢ፣ እርጥበት ፈንገስ ይጠራል። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ተራ ቫዝሊን የሰሙን ሥራ ይሠራል። ለደነደነው ቆዳ ፋርማሲ ዩሪያ (ቆዳ የሚያለሰልስ ንጥረ ነገር) ያለው ክሬም ጠይቂ።

ስኳሬና እኔ፦
እኔ የንብ ሙጫ (ፕሮፖሊስ የሚሉትን) ቀብቼ ሳምንት ሙሉ ሳክክ ከረምኩ። አለርጂ ነው አሉኝ። እባክሽ በምላጭም አትፋቂው፣ እኔ እንደዚያ ነው የቆሰልኩት።

የማርቆሷ፦
ውጭ አገር ሆስፒታል ማር ቁስል ላይ ያደርጋሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ውሸት ነው?

ሲስተር ከሐዋሳ፦
ውሸት አይደለም። ማር ውሃው ትንሽ ነው፣ አሲድነትም አለው፤ ባክቴሪያ አይመቸውም። ግን የእነሱ በጋማ ጨረር የጸዳ ነው። የገበያው ማር የጀርም ዘር ሊይዝ ይችላል። እንዲያም ሆኖ የ2023ቱ ዓለም አቀፍ የስኳር እግር መመሪያ ለእግር ቁስል ማርንም ሌላ የንብ ውጤትንም አይመክርም፤ ማስረጃው ደካማ ነው። ደህና ቆዳ ላይ ቢቀባ ስኳር አይጨምርም፤ የሚጨምረው የሚበላው ነው።

የማርቆሷ፦
አሁን በባትሪ አየሁት። ቀኙ ደረቅ ነው። የግራው ንቃቃት ውስጥ ግን ትንሽ ፈሳሽ አለ፣ ካልሲውም ላይ ነክቷል። እሱ እስካሁን አላወቀም። ታክሲ ጠርቻለሁ።