አልበሞቼ የአንድ ሰው ሥራ አይመስሉም፤ የራስ ስታይል እንዴት ነው የሚመጣው?

ጠያቂ፦ ውርጭ የለመደ ካሜራ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት። እንጀራዬ ሰርግ ነው፤ በመሃል በመሃል ክርስትናና ምርቃትም አነሳለሁ። ካሜራዬ ካኖን ነው፣ ኤዲት የማደርገው በላይትሩም።

ችግሬ ይኸውላችሁ። የጥርን ሰርጎች አልበም ጎን ለጎን ዘርግቼ ሳያቸው የተለያየ ሰው ያነሳቸው ነው የሚመስሉት። አንዱ ቡናማ ነው። አንዱ ነጣ ብሎ ጉም የገባበት ይመስላል። አንዱ ላይ ደግሞ አረንጓዴ የሚባል ነገር የለም፣ ቅጠሉ ሁሉ ደርቋል። ሙሽሮች ቲክቶክ ላይ ያዩትን ይዘው ይመጣሉ፤ "እንደዚህ አርግልን" ይላሉ። እኔም ተመሳሳይ ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የቀለም ማስተካከያ) ፈልጌ አወርዳለሁ። ኮምፒውተሬ በፕሪሴት ተጨናንቋል።

ብርሃኑም አልተመቸኝም። በአንድ ሰርግ ብቻ ጠዋት ውርጩ ሳይነሳ ሙሽራው ቤት እገባለሁ። ረፋድ ላይ ቤተክርስቲያን ደጅ ጠራራ ፀሐይ ነው። ከሰዓት ሰማያዊ ሸራ ድንኳን ውስጥ ነን። ማታ አምፖሉና የቪዲዮ ባለሙያው መብራት ይደባለቃሉ። አንዱ ላይ የሚያምረው ፕሪሴት ሌላው ላይ የሙሽሪትን ፊት ብርቱካን ያደርገዋል።

ሰው አይቶ "ይሄማ የእገሌ ሥራ ነው" የሚለው ነገር ከየት ነው የሚመጣው? ኮርስ ልግዛ? ወይስ ሁሉንም ጥቁርና ነጭ አድርጌው ልገላገል?

መልስ፦ ፈጣን ኤዲት (አዲስ አበባ)

ወንድሜ አታካብድ። አንድ አሪፍ የፕሪሴት ጥቅል ግዛ፣ ሁሉም ላይ ጫን፣ በቃ። ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ከሆነ ሰው ስታይል ነው ይላል። ደንበኛው የሚፈልገው ፏ ያለ ፎቶ ነው፣ ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) አይቆጥርም።

መልስ፦ እትዬ አልበም (ደብረ ብርሃን)

አታካብድ የሚለውን እቀበላለሁ። የቀረውን አልቀበልም።

እኔ አሁን ካሜራ ብዙም አልይዝም። ሥራዬ ኤዲትና አልበም ነው። ከመሐል ሜዳ፣ ከአጣዬ፣ ከሸዋ ሮቢት ካሜራማኖች ሃርድ ዲስክ ይልኩልኛል። ስለዚህ የምነግርህ ከጠረጴዛው ወዲህ ማዶ ሆኜ ነው።

አንድ ሰርግ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምከፍተው የሙሽሪትን ፎቶ አይደለም። የእናቷን ነው። ሙሽሪት ተኳኩላለች። ፋውንዴሽኑ ከአንገቷ ሊለይ ይችላል። በሱ ተመሥርተህ ቀለም ካስተካከልክ የሰርገኛው ሁሉ ፊት አብሮ ይበላሻል። እናትየው ግን ፊቷን ታጥባ፣ ቅባት ቢጤ ተቀብታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ነው የቆመችው። ያልተቀባ ፊትና ነጭ ልብስ፣ በአንድ ብርሃን፣ በአንድ ፍሬም። ከዚህ የተሻለ መለኪያ ከየት ታመጣለህ?

በየቦታው፣ ማለትም ቤት ውስጥ፣ ደጅ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ማታ፣ አንድ አንድ የእናት ፎቶ ያዝ። ላይትሩም ውስጥ መጀመሪያ እነሱን አስተካክል። ከዚያ ያንኑ ማስተካከያ በዚያ ብርሃን ለተነሱት ሁሉ ቅዳላቸው። ጄፔግ የምታነሳ ከሆነ ግን ዋይት ባላንሱን (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲወጣ የሚያደርገውን ማስተካከያ) ካሜራው ላይ ኦቶ አድርገህ ከተውከው በየፎቶው ስለሚቀያየር ይሄ አይሠራልህም። ቦታ በቀየርክ ቁጥር ራስህ ቁረጥለት። ፀሐይ 5,500 ኬልቪን አካባቢ ናት፣ የድሮው አምፖል 3,000 ገደማ፣ ጥላ ደግሞ 7,000ንም ያልፋል። እና ሮው (ካሜራው ቀለሙን ሳይጋግር የሚያስቀምጠው ፋይል) አንሳ። ጄፔግ ላይ ቀለሙ ከተጋገረ በኋላ የምትመልሰው ጥቂት ነው።

ነጠላ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የእጅ ፈትል እንደ ፎቶ ኮፒ ወረቀት ነጭ አይደለም፣ ወተት ወተት ይላል። ያቺን ወተትነት አትጥረግ። ሃይላይቱን (በጣም የነጣውን ክፍል) ክሩ እስኪታይህ ድረስ አውርደው። አጉልተህ ስታየው ክሩ ከሌለ ተቃጥሏል ማለት ነው፣ አልበም ላይ ሲታተም ባዶ ወረቀት ነው የሚሆነው።

የኛ አገር ጥላ ለምን ሰማያዊ እንደሚሆን ታውቃለህ? ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ የጥር ሰማይ ደግሞ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። ጥላ ውስጥ የቆመን ሰው የሚያበራው ያ ሰማይ ነው። ነጠላው ያንን ቀለም ይጠጣል። ፀሐይ ላይ ካቆምከው ደግሞ ዓይኑ ሥር ጥቁር ጉድጓድ ይወጣል። ስለዚህ ጥላ ውስጥ አንሳ፣ ግን ቀለሙን አሙቀው፣ ማለትም ወደ ቢጫ ውሰደው።

ሰማያዊ ሸራው ሌላ ጣጣ ነው። በሸራው አልፎ የሚመጣው ብርሃን ውስጥ ቀይ የለም ማለት ይቻላል። የሌለ ቀለም በኤዲት አይመጣም። ፍላሽህን ወደ ጣራው ብታዞረውም ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚመለስልህ። ሙሽሮቹን ወደ ድንኳኑ አፍ አቅርባቸው፣ ወይም በአንድ ጎን ያለውን ሸራ አስገልብጥ። ባለቤቶቹ በትሕትና ከጠየቅካቸው እምቢ አይሉም። ካልሆነ ያኔ ጥቁርና ነጭ አድርገው። ለሱ ነው ጥቁርና ነጭ የሚያስፈልግህ እንጂ ለመገላገል አይደለም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስታይል አይደለም፣ ቤት መጥረግ ነው። ስታይል የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ለራስህ የምትወስነው ጥቂት ነገር አለ። ጥላው ምን ያህል ይጥቆር? ፊቱ ምን ያህል ይሙቅ? አረንጓዴው ወዴት ይሂድ? ወስን፣ ከዚያ አንድ የሰርግ ወቅት ሙሉ አትነካካው። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ ይበቃሃል። በየሰርጉ ከቀየርክ መቼም አታውቀውም።

አረንጓዴ የሚገድሉትን ፕሪሴቶች በተመለከተ ግን አቋም አለኝ። እነዚያ የተሠሩት ደን ለሞላበት አገር ነው። የኛ ሜዳ በጥር ራሱ ገለባ ነው። የቀረችውን አረንጓዴ ስትገድል ሁሉም ነገር ጭቃ ይሆናል። ጉዳቱ ቅጠል ላይ ብቻ አይቆምም፣ ጥለቱንም ይነካል። ሙሽሪት ሸማኔ ጋ ተመላልሳ፣ ከሚዜዎቿ ጋር አዛምዳ ያሠራችው አረንጓዴ ጥለት አልበም ላይ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። አንዷ አልበሟን ይዛ መጥታ "የኔ ቀሚስ አይደለም" ብላኛለች። ካሜራማኑ የዘጋው አረንጓዴውን በሙሉ ነበር።

ለኛ ሳይታሰብ የተሠራ ቀለም የቆየ ነገር ነው። የፊልም አምራቹ ኮዳክ የቀለም ፊልም ሕትመት ለማስተካከል ለላቦራቶሪዎች ይልከው በነበረው ካርድ ላይ ለረጅም ጊዜ የነበረችው ነጭ ሴት ናት። ቡናማን አጥርቶ የሚያወጣ ፊልም እንዲሠራ ከገፋፉት መካከል የቤት ዕቃና የቸኮሌት አምራቾች እንደነበሩ ይነገራል፤ የጣውላውና የቸኮሌቱ ዓይነት አልለይ ብሏቸው። አሁንም የምታወርደው ፕሪሴት በማን ፊት ላይ እንደተሞከረ አይጽፍልህም።

ቀለም ብቻም አይደለም። ከመንዝ ሃርድ ዲስክ የሚልክልኝ አንድ ልጅ አለ። ስሙን ሳላይ ሥራውን አውቀዋለሁ። ሽማግሌዎች ሲመርቁ ሁሌም ከጉልበታቸው ዝቅ ብሎ ነው የሚያነሳው። ጥቁር በርኖስ የለበሱ አባትና ነጭ ቬሎ የለበሰች ልጅ አንድ ፍሬም ውስጥ ሲገቡበት ሌላው ሰው ሁለቱንም አወጣለሁ ብሎ ግራጫ ያደርጋቸዋል። እሱ ብርሃኑን የሚለካው ለቬሎው ነው። በርኖሱ ይጨልማል፤ ትከሻው ላይ የሱፉ ጠርዝ ብቻ ትቀራለች። ጉልበት የምትስመዋ ልጅ ጥልፏ አንድ በአንድ ይታያል። እኔ እዚያ ላይ ሻዶውን (የጨለመውን ክፍል) ከፍ ላደርግለት ስሞክር "ተይው" ብሎኛል። ልጁ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። አንተም እንደዚያ "ተይው" የምትልበትን ቦታ ፈልግ።

መልስ፦ ቆላ ካሜራ (ሸዋ ሮቢት)

የእናትየዋ ነገር ተመችቶኛል፣ እሞክረዋለሁ። ግን እትዬ፣ ደንበኛ "ቀላ አርገኝ" ሲልስ? እኔ ጋ ከአሥር ሙሽራ ዘጠኙ ይሄን ነው የሚለው። እውነተኛውን ቀለም ስሰጥ "አጠቆርከኝ" ብለው ቀሪውን ክፍያ ያጓትቱብኛል።

ለጠያቂው ደግሞ፣ ከደጋ ወደኛ ስትወርድ ካሜራህን ከቦርሳው ቶሎ አታውጣ። ሌንሱ እንደቀዘቀዘ ከሙቅ አየር ጋር ሲገናኝ ላብ ይይዘዋል። ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ይሙቅ።

መልስ፦ እትዬ አልበም

"ቀላ አርገኝ" ሲሉ አብዛኞቹ የሚፈልጉት መብራት ነው። ፊቷ ከቬሎው ጋር ሲተያይ ጨልሞ ስለሚታያት ነው። ፊቱን ብቻ መርጠህ ብርሃኑን ትንሽ ከፍ አድርግ፣ ቀለሙን አትንካ። ቆዳውን ማለስለሻም ላይ እጅህን ሰብስብ። ብጉር ይጥፋ፣ ጠባሳና ምልክት ግን ሳትጠይቅ አታጥፋ። አያቷ ግንባር ላይ ያለውን ንቅሳት በማለስለሻ ያጠፋ ሰው አይቻለሁ፤ ቤተሰቡ ተቆጥቶ ነበር፣ እውነታቸውን ነው።

አሁንም ካልተዋጠላት ከእናቷና ከእህቶቿ ጋር የተነሳችውን ፎቶ አሳያት። ብቻዋን ያለችበት ላይ ቅላት ያምራት ይሆናል። ከእህቶቿ መሃል ብቻዋን ቀልታ ስትወጣ ግን ራሷ ትስቃለች።

ክፍያው የሚጓተተው ደግሞ ቀድሞ ስላልተነጋገራችሁ ነው። ቀብድ ከመቀበልህ በፊት ያለቀ፣ የታተመ አልበም አሳይ። ስልክ ላይ አይደለም። ስልካቸው ብርሃኑ እስከ ጫፍ ተለቆ ነው ያለው። አንተም የኮምፒውተርህን ስክሪን አብርተህ ኤዲት ካደረግክ ሕትመቱ ጨለም ብሎ ይመጣል። ሙሉ አልበም ከመላክህ በፊት ትንሽ ፎቶ አሳትመህ መስኮት ዳር ቆመህ እየው። ቴሌግራም ላይ ስትልክም እንደ ፋይል እንጂ እንደ ፎቶ አትላክ፣ ያሳንሰዋል።

ጠያቂ፦ ውርጭ የለመደ ካሜራ

እትዬ እግዜር ይስጥልኝ። የእርስዎን ሳነብ ያለፉትን ሥራዎች ከፍቼ እናቶቹን ፈለግኩ። የሚገርመው አንዱ ሰርግ ላይ የሙሽሪት እናት አንድም ቦታ ብቻዋን የለችም። ሁሌም ትሪ ይዛ ከኋላ እያለፈች ነው።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ደብረ ሲና ሰርግ ይዣለሁ። ሙሽሮቹ ተራራው ከኋላቸው ሆኖ የጀምበር መጥለቂያ ፎቶ ነው የሚፈልጉት። 11 ሰዓት ላይ ብንወጣ ይበቃል?

መልስ፦ የጣርማ በር ሥር (ደብረ ሲና)

11 ሰዓት ብለህ እንዳትመጣ። ደብረ ሲና ከገደሉ በስተምሥራቅ ነው ያለችው። ፀሐይ የምትጠልቀው ከጣርማ በር ተራራ ጀርባ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ገና ፀሐይ እያለች እኛ ጋ ጥላ ነው። ቢጫ ብርሃን ከፈለጉ ጠዋት ነው፤ ፀሐይ ከቆላው በኩል ስትወጣ ተራራው ፊት ለፊት ይበራልሃል። ሙሽሪት ለማለዳ እሺ የማትል ከሆነ ከሰርጉ በኋላ ባለው ቀን ያዛት፣ ያኔ ሜካፕ የሚሠራላት ሰው አስቀድመህ ቅጠር።

ጥላው ከወደቀ በኋላ ያለው ሰዓትም መጥፎ አይደለም። ለስላሳ ነው፣ ፊት ላይ ጉድጓድ የለውም። ግን እትዬ እንዳሉት ሰማያዊ ነው።

ዝናብ ካለ ተራራውን ጉም ሊሸፍነው ይችላል። ከኋላ ተራራ ሳይኖር የምታነሳበት ሁለተኛ ቦታ ያዝ። መንገዱ የሚያልፍበት ዋሻ አፍ ላይ ሙሽራ ላቁም ካልክ ደግሞ መኪና የሚጠብቅልህ ሰው ይዘህ ና። የደሴ መንገድ ነው፣ ከባድ መኪና አያቋርጥም፣ በጉም ደግሞ ከቅርብ ሳይደርስ አይታይህም።