4294967297 ብቸኛ ቁጥር አለመሆኑን በእጅ ስሌት ማረጋገጥ ይቻላልን?

ጥያቄ፦
ሒሳብ አስተምራለሁ። ስለ ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ ስለማይካፈሉት) ትምህርት ሳዘጋጅ፣ በ2³² ላይ 1 ሲደመር የሚገኘውን 4294967297 በምሳሌነት ለማቅረብ አሰብሁ። ለ3፣ ለ7፣ ለ11 እና ለ13 ባካፍለው ሁሉ ቀሪ አለው። ስኩዌር ሩቱ ከ65536 በጥቂቱ ስለሚበልጥ፣ እስከዚያ ያሉትን 6542 ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ መሞከር የማይታሰብ ነው። የሒሳብ ሊቁ ፌርማ ይህን ቁጥር ብቸኛ ነው ብሎ ገምቶ እንደነበረ፣ ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለርም እ.ኤ.አ. በ1732 ለ641 እንደሚካፈል እንዳሳየ አውቃለሁ። ኦይለር 641ን እንዴት ሊያገኘው ቻለ?

የመጀመሪያ መልስ፦
መምህር፣ ኦይለር ሁሉንም መሞከር አላስፈለገውም፤ የቁጥሩ አሠራር ራሱ የአካፋዮቹን መልክ ይወስናልና። 2³²+1 ለአንድ ብቸኛ ቁጥር ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ፣ ከ2 ርቢዎች መካከል ለዚያው ቁጥር ተካፍሎ 1 የሚተርፈው የመጀመሪያው 2⁶⁴ ይሆናል። በፌርማ ትንሹ ቴዎረም መሠረት ደግሞ፣ ርቢው ከአካፋዩ በ1 የሚያንስ የ2 ርቢም ለአካፋዩ ተካፍሎ 1 ስለሚተርፈው፣ ከአካፋዩ ላይ 1 ሲቀነስ የሚገኘው ቁጥር ለ64 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። ስለዚህ ሊሞከሩ የሚገባቸው የ64 ብዜት ላይ 1 የተደመረባቸው ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 እያሉ ይቀጥላሉ። አምስተኛው ሙከራ መልሱን ይሰጣል፦ 641 × 6700417 = 4294967297። የፌርማን ግምት ያፈረሰው የራሱ የፌርማ ቴዎረም መሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ሁለተኛ መልስ፦
ለተማሪዎችዎ ረጅሙን ማካፈል ትተው የሚከተለውን ቢያሳዩአቸው ይሻላል እላለሁ። 641 በሁለት መንገድ ይጻፋል፤ 5×2⁷+1 ነው፣ 5⁴+2⁴ም ነው። ሁለተኛውን በ2²⁸ ስናባዛው 5⁴×2²⁸+2³² እናገኛለን፤ ይህም የ641 ብዜት ነው። በሌላ በኩል 5⁴×2²⁸ የ5×2⁷ አራተኛ ርቢ ስለሆነ፣ 1 ሲቀነስበት ለ5×2⁷+1፣ ማለትም ለ641 ይካፈላል። የሁለቱ ብዜቶች ልዩነት በትክክል 2³²+1 ስለሆነ እርሱም ለ641 ይካፈላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ትልቅ ቁጥር ማካፈል አላስፈለገንም።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። 6700417ስ ራሱ ብቸኛ ነውን?

የመጀመሪያው መላሽ፦
አዎን፣ ብቸኛ ነው። የ6700417 አካፋይ ሁሉ የ4294967297ም አካፋይ ስለሆነ ያው ደንብ ይሠራል፤ የሒሳብ ሊቁ ኤድዋር ሉካ እ.ኤ.አ. በ1878 እንዳሳየው ደግሞ፣ በ64 ፋንታ 128 መውሰድ ይቻላል። የ6700417 ስኩዌር ሩት ከ2589 ስለሚያንስ፣ የሚቀሩት ዕጩዎች 257፣ 641፣ 769፣ 1153 እና 1409 ብቻ ናቸው። ለእነዚህ ሲካፈል በቅደም ተከተል 170፣ 44፣ 120፣ 334 እና 622 ይተርፋል።