«ይንሿሿል» ወይስ «ይንጣጣል»? የቲቪ ካርድ ድምፅ ነገር

ጠያቂው፦ እንደምን ከረማችሁ። የሊኑክስ (የኮምፒውተር ሥርዓት) መመሪያ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተገትሬያለሁ፦ «ከቲቪ ካርዱ የሚመጣው ድምፅ ይንሿሿል።» ወዳጄ «ይንጣጣል በለው» አለኝ። ቴሌቪዥን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው የኔም ካርድ እንዲሁ ያደርገዋል። የድሮ ሠርግ ካሴት ከቪዲዮ ዴክ ልገለብጥ ብል ሥዕሉ ጥሩ ነው፣ ድምፁ ሹሹሹ ብቻ። የቱ ይሻላል?

ባለሽቦው፦ አንድ አይደሉም። ሳይቋረጥ የሚፈሰው ይንሿሿል። ጣ ጣ እያለ የሚቆራረጠው ይንጣጣል፤ እሱ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ ድምፁን በሰዓቱ ሳይቀበል ሲቀር ነው። ከመሬት ሽቦ የሚመጣው እምምም ደግሞ ሌላ ነው። ለሱ እኔ «ያጉረመርማል» እላለሁ።

ቀበጡ፦ ድምጹ ሿሿ ካለ፣ ካርዱን የሸጠልህ ሰው ሿሿ ሠርቶሃል!

የጎንጅ ልጅ፦ ቀልዱን ተዉትና ሥሩን እንይ። «ተንሿሿ» የመጣው ከ«ነፈሰ» ነው። ፈ ወደቀች፣ ሰ ወደ ሸ ዞረች። ነፋስ ሲነፍስ ቅጠሉ ይንሿሿል፤ አይታያችሁም?

ፊደሏ፦ መምህር፣ እንዲህ ፊደል እየጣልን ከሄድን ሻይም ከሰማይ ይወጣል። «ን» የሥሩ አካል አይደለችም። ተንጫጫ፣ ተንኳኳ፣ ተንጣጣ፣ ተንሿሿ፦ ሁሉም «ተን» ብለው ነው የሚነሡት። ድምፁን አስመስለው የወጡ ናቸው፤ የግዕዝ አባት አያስፈልጋቸውም።

የጎንጅ ልጅ፦ እህቴ፣ እኛ ግስ ስናወርድ ያደርን ሰዎች ነን። አባት የሌለው ግስ የለም። ይልቅ ቀበጡ «ድምጽ» ብሎ ጽፏል፤ ማንም አልገሠጸውም። ግሱ ደምፀ ነው፣ በፀሐዩ ፀ!

ቀበጡ፦ ኪቦርዴ ላይ ጸሎቱ ጸ ይቀርበኛል፣ አባቴ።

ባለሽቦው፦ ጠያቂው፣ ዴክህ ከየት የመጣ ነው? በምን ገመድ ነው ያያያዝከው?

ጠያቂው፦ አክስቴ ከለንደን ያመጣችው ነው። በአንቴና ገመድ።

ባለሽቦው፦ በቃ፣ ተገኘ። የእንግሊዝ ዴክ በአንቴና ገመድ ሲልክ ፓል-አይ በሚባለው የቴሌቪዥን ስታንዳርድ ነው፤ ድምፁ ከሥዕሉ 6 ሜጋኸርዝ ርቆ ይቀመጣል። የኛ አገር አናሎግ ቴሌቪዥን ፓል-ቢ ስለነበር 5.5 ላይ ነው። ካርድህ 5.5 ላይ ጆሮውን ሰጥቶ ባዶ አየር እየሰማ ነው። ሥዕሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ያምራል። ስታንዳርዱን «ፓል» ብቻ ብለህ አትተወው፤ በቪ4ኤል2-ሲቲኤል (የካርዱ ማስተካከያ ትእዛዝ) ፓል-አይ በለው። ከተቻለ ግን የአንቴናውን ገመድ ተወው። በቢጫው ገመድ ሥዕሉን ወደ ካርዱ፣ በቀይና ነጩ ድምፁን ወደ ኮምፒውተሩ ላይን-ኢን (ከሌላ መሣሪያ ድምፅ መቀበያ) ቀዳዳ ስጥ። ማይክ ቀዳዳ እንዳትሰካው፤ እዚያ ድምፁ ከልክ በላይ ይጎላና ይሰባበራል። ከዚያ አልሳሚክሰር የሚባለው የድምፅ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ውስጥ ገብተህ ላይን-ኢን መመረጡን እይ።

ፊደሏ፦ «ድምፁ ይሰባበራል»? ድምፅ ይሻክራል እንጂ ይሰበራል እንዴ?

ባለሽቦው፦ ሻካራ የሰው ጉሮሮ ነው። ይሄ ጫፉ የተቆረጠ ሞገድ ነው።

የጎንጅ ልጅ፦ «ሞገድ»ስ የባሕር አይደለም ወይ?

ጠያቂው፦ ፓል-አይ አልኩት፣ የሙሽሪት እልልታ ጥርት ብሎ ተሰማ! እግዜር ይስጥልኝ። መመሪያው ላይ ግን ምን ልጻፍ?

የጎንጅ ልጅ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ «እልልታ» ከዕብራይስጥ ነው ወይስ ከግዕዝ የሚለውን እንጨርስ።