በሰሜን ተራሮች ያለ ስካውት መጓዝ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ?

አወያይ፦
በዚህ ሳምንት የምንከራከርበት ጥያቄ ባለፈው ውይይታችን መጨረሻ ላይ ተነሥቶ ሳይቋጭ የቀረ ነው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በእግሩ የሚጓዝ ሰው፣ ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ የመግቢያ ክፍያውን ከፈጸመ በኋላ፣ ስካውት የሚባለውን መሣሪያ የያዘ የአካባቢው አጃቢ አስከትሎ የመሄድ ግዴታ አለበት። ይህ ግዴታ፣ በተለይ ለአገር ውስጥ ተጓዦች፣ ሊቀር ይገባል ወይስ ባለበት ይቀጥል? የወቅቱ የጸጥታ ሁኔታ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ፣ ተከራካሪዎች በሰላም ጊዜ ሊኖር ስለሚገባው ደንብ ብቻ እንዲናገሩ አደራ እላለሁ።

ከአዲስ አበባ፦
እኔ ግዴታው ይቅር ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴንም ከጠመንጃው እጀምራለሁ። ጭላዳ ሣር በሊታ ነው። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው አይጥ ነው። ዋልያ ሰው ሲያይ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ነብርና ጅብ በአካባቢው ቢኖሩም በጠራራ ፀሐይ በቡድን የሚሄድን መንገደኛ ይተናኮላሉ ብሎ የሚሰጋ ያለ አይመስለኝም። ታዲያ ጠመንጃው የተያዘው ማንን ለመከላከል ነው? አውሬን ካልሆነ ሰውን ነው ማለት ነው። እንግዳ ሲመጣበት ያለውን የሚያቀርበውን፣ መሸብኝ ላለው መንገደኛ መደቡን የሚለቀውን የሰሜን ገበሬ በገዛ አገሩ እንደ ስጋት ቆጥረን፣ በእርሻው ዳር በታጠቀ ሰው ታጅበን የምናልፍበት ደንብ ለእኔ አሳፋሪ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ክፍያው ነው። የስካውት አበል በቀን የሚቆጠር በመሆኑ አሥር ሆነው ለሚጓዙ ሰዎች ቀላል ነው፤ ብቻውን ወይም ከአንድ ጓደኛው ጋር ለሚመጣ ተማሪ ግን ከትራንስፖርቱ፣ ከድንኳን ኪራዩና ከስንቁ ጋር ተደምሮ ጉዞውን ያስቀረዋል። በየሳምንቱ መጨረሻ ከአዲስ አበባ እየተነሡ መናገሻ ሱባን፣ የረርንና እንጦጦን የሚወጡ ወጣቶች ቁጥር ከዓመት ዓመት ጨምሯል። እነዚህ ወጣቶች ከራሳቸው ከተማ ዙሪያ አልፈው አገራቸውን በእግራቸው እንዲያውቁ ከፈለግን፣ ትልቁ ተራራችን ሀብታም የሆነ ወይም ከውጭ የመጣ ሰው ብቻ የሚደርስበት መሆን የለበትም። ስለዚህ የተመዘገበ፣ ልምድ ያለውና መመለሻ ቀኑን ያሳወቀ ተጓዥ ስካውት የመያዝም ያለመያዝም ምርጫ ይሰጠው እላለሁ።

ከደባርቅ፦
የአዲስ አበባው ወንድማችን ስለ ገበሬው እንግዳ ተቀባይነት የተናገሩት እውነት ነው፤ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ያ ገበሬ ዛሬ የት እንዳለ ቢጠይቁ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ በዓለም ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ‘አደጋ ላይ ያለ’ ተብሎ ለብቻው መዝገብ ውስጥ ገባ። ከዚያ መዝገብ ለመውጣት ከተጠየቁት ነገሮች መካከል በፓርኩ ውስጥ የሚደረገው እርሻና ግጦሽ እንዲቀንስ የሚለው ይገኝበታል። የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 አያት ቅድመ አያቶቻቸው ገብስ ሲዘሩበት የኖሩትን መሬት ለቀው ወደ ደባርቅ የገቡት በዚሁ ምክንያት ነው። በዓመቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ሲወጣ በየሬዲዮው ደስታው ተነገረ። እናንተ ዛሬ ግጭ ላይ ድንኳን የምትተክሉበት ሜዳ ጸጥ ያለውና ያማረው ሰው ስለተነሣበት ነው።

መሬቱን ለፓርኩ የለቀቀ ሕዝብ ከፓርኩ ምን ያገኛል ብትሉኝ፣ ያለችው ስካውትነት፣ በቅሎ ማከራየት፣ ምግብ ማብሰልና አስጎብኚነት ናት። እርስዎ ‘ምርጫ ይሁን’ ያሉት ነገር ለአንድ ቤተሰብ የዘይትና የደብተር ገንዘብ ነው። በኮሮናና በጦርነቱ ዘመን እንግዳ ሲጠፋ ይህ ቤት ምን እንደሆነ እኛ አይተናል።

ስለ ጠመንጃው ግን አንድ ነገር ልጨምር። ስካውቱ የሚፈለገው በትከሻው ስላለው ብረት ብቻ አይደለም። እመት ጎጎ 3,926 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ፣ በሦስት በኩል ገደል የሆነ አፋፍ ነው። ከሰዓት በኋላ ጉም ከቆላው ሲነሣ ጅብራ የሚባለው ረጅሙ የደጋ ተክል እንኳ በአሥር እርምጃ ርቀት አይታይም። እንግዳው በዚያን ጊዜ ፎቶ ለማንሣት ወደፊት ይጠጋል። ስካውቱ በኮንጎ ጫማው ቀድሞ ሄዶ ከጫፉ ላይ ይቆምና በትሩን አግድም ይይዛል፤ እንግሊዝኛ ባይችልም ያቺን ምልክት ያልተረዳ እንግዳ አላየሁም። እ.ኤ.አ. በ2019 ፓርኩ ሲቃጠልም ከኬንያና ከእስራኤል እርዳታ እስኪደርስ ድረስ በቅጠልና በአፈር ከእሳቱ ጋር ሲታገሉ የነበሩት እነዚሁ ሰዎችና ጎረቤቶቻቸው ናቸው።

ከሮቤ፦
ከባሌ በኩል አጭር ነገር ልበል። በእኛም ፓርክ እንግዳ ዲንሾ ላይ ተመዝግቦ ከአካባቢው አስጎብኚና ከፈረስ ነጂ ጋር ነው የሚጓዘው፤ ትልቁ ምክንያታችን ግን እንስሳቱ ናቸው። ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ከየትኛውም ሥፍራ በበለጠ ቁጥር ይገኛል። የሚያሠጋው የውሻ በሽታና የሰው ግርግር ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ቀበሮዎቹ ሲወልዱ፣ ቡችላ አየሁ ብሎ ወደ ጉድጓዱ የሚጠጋ ሰው እናቲቱ ልጆቿን ወደ ሌላ ቦታ እንድታጓጉዝ ያደርጋታል፤ በዚያ ብርድ ደግሞ ይህ ለቡችሎቹ አደጋ ነው። ልምድ ያለው ተጓዥ ራሱን ይጠብቃል እንበል። ቀበሮዋን ከእሱ የሚጠብቃት ማን ነው? እኔ አጃቢ ይኑር የምለው ለዚህ ነው፤ ጠመንጃ ይያዝ ወይም አይያዝ ለሚለው ግድ የለኝም።

ከሐይፋ፦
እኔ የምኖረው ሰው ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ አገሩን ያለ አጃቢ በሚያቋርጥበት ምድር ነው። የእስራኤል ብሔራዊ የእግር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1995 የተመረቀ፣ ዛሬ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሆኖ፣ በየድንጋዩ ላይ ነጭ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ ቀለም እየተቀባ ምልክት ተደርጎበታል። ከሠራዊት አገልግሎት የተመለሱ ወጣቶች በሳምንታት ጉዞ ይጨርሱታል። ይህን የማነሣው ግን የአዲስ አበባውን ወንድሜን ለመደገፍ አይደለም። እዚህ ያለ አጃቢ መሄድ የተቻለው ካርታው ታትሞ፣ ምልክቱ በየጊዜው እየታደሰ፣ በየክልሉ የተደራጁ በጎ ፈቃደኛ ነፍስ አድን ቡድኖች ስላሉና ስልክ ሲደወል ሄሊኮፕተር ስለሚመጣ ነው። ወላጆቼ ከወገራ ናቸው፤ እኔም በኋላ ሰሜን ተራሮችን ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ከሳንቃ በር ካምፕ እስከ ጨነቅ ካምፕ ድረስ በእግር ስሄድ መንገዱ በየሜዳው አምስት ስድስት የከብት ዱካ ሆኖ ይበታተናል፤ የትኛው የመንገደኛ፣ የትኛው የከብት እንደሆነ የሚነግር ምልክት የለም። በዚያ ሁኔታ ስካውቱ ራሱ የመንገድ ምልክት፣ ካርታና የነፍስ አድን ስልክ ነው። እነዚህን ሳትተኩ እሱን ብታነሡ ትርፉ ምን ይሆን?

ከጎንደር፣ አስጎብኚ፦
ሁለቱም ወገኖች ያልነኩትን ነገር ላንሣ፤ አንዳንዱ የሥራ ባልደረቦቼን ላያስደስት ይችላል። ስካውት የሚመደበው በተራ ነው። ተራ ፍትሐዊ ነው፤ ሥራው ለሁሉም ይደርሳል። ነገር ግን በተራ የሚመጣው ሰው አንዱ ወጣትና ንቁ፣ ሌላው በእድሜ የገፋና ጉልበቱን የሚያመው ሊሆን ይችላል። ሌሊቱን በጋቢ ብቻ ተጠቅልሎ በ3,600 ሜትር ላይ ደጅ የሚያድር ሽማግሌ አለ፤ እንግዳው በሞቀ የመኝታ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ይህን ሲያይ ይሳቀቃል። የዝናብ ልብስ፣ ድንኳን፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ለስካውት መሰጠት ያለበት ከጠመንጃው በፊት ነው።

የከፍታ ሕመምን ነገር ለምሳሌ እንይ። ደባርቅ ራሷ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድር ሰው የመኝታ ቦታውን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመከራል። ከዝቅተኛ ቦታ መጥቶ በመኪና በአንድ ቀን ጨነቅ የሚያድር ቡድን ግን ብዙ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሲጀምር ‘ብርዱ ነው’ ይባላል። ሲብስ መፍትሔው አንድ ነው፤ ወደ ታች መውረድ። ይህን ያወቀ ስካውት ሰው ያድናል፤ ያላወቀ ስካውት አብሮ ያጽናናል እንጂ አይጠቅምም። ስለዚህ እኔ ግዴታው ይኑር እላለሁ፤ ነገር ግን ተጓዡ ለከፈለው ገንዘብ ምን እንደሚገባው በጽሑፍ ይቀመጥ። አሁን ያለው ደንብ ክፍያውን እንጂ አገልግሎቱን አይናገርም።

ከአዲስ አበባ፦
የጎንደሩ አስጎብኚ ያሉት ትክክል ከሆነ እኔ የምለውን ያጠናክራል። ሥልጠናና ልብስ የሌለው ሰው ‘ለደኅንነታችሁ ነው’ ተብሎ ሲሰጠን፣ ነገሩ ደኅንነት ሳይሆን ግብር ነው። ግብር መክፈልን አልቃወምም። ከግጭ የተነሡት ሰዎች ካሣቸው እንዲቀጥል የሚጠይቅ ካለ ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች አንዱ እሆናለሁ። ነገር ግን ዕዳው ዕዳ ተብሎ ይጠራ፤ የመግቢያው ክፍያ ላይ ይጨመርና ለተነሺዎቹ ሁሉ፣ ስካውት ለመሆን ጉልበት ለሌላት ባልቴትም ጭምር ይድረስ። በስካውት አበል መልክ ከሆነ የሚደርሰው ተራው ለደረሰው ጤነኛ ወንድ ብቻ ነው። መንዝ ላይ ጓሳን የሚጠብቀው ማኅበረሰብ ሣሩን እየከለለና በየወቅቱ እየከፈተ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል፤ ዛሬም ከእንግዳ የሚገኘውን ገቢ ራሱ ማኅበረሰቡ ያውቀዋል። በመቄትና በላስታም ገበሬዎች በሠሯቸው የእንግዳ ማረፊያዎች መካከል የሚደረገው ጉዞ በአካባቢው ሰው የሚመራ እንጂ የታጠቀ አጀብ የሚያስፈልገው አይደለም። ሰሜን ተራሮች ላይ ይህ የማይሆንበትን ምክንያት አላየሁም።

ከደባርቅ፦
‘በመግቢያው ክፍያ ላይ ይጨመር’ የሚለው ሐሳብ በወረቀት ላይ ያምራል። በመግቢያ ላይ የተጨመረ ገንዘብ ግን ወደ ጽሕፈት ቤት ይገባል፤ ከጽሕፈት ቤት ወጥቶ ባልቴቷ እጅ እስኪደርስ ስንት ፊርማ እንደሚያስፈልግ ሁላችንም የምናውቀው ነው። የስካውት አበል ግን ጉዞው ሲያልቅ ከእጅ ወደ እጅ ነው፤ ማንም አይቆርጠውም። ስለ ባልቴቷ ያነሡት ነጥብ እውነት አለው፤ መልሱ ግን ስካውቱን ማስቀረት ሊሆን አይገባም፤ ለሴቶችም የሚሆን ሥራ በየካምፑ መክፈት ነው፤ ለምሳሌ ምግብ ቤትና የእንጨት ፈንታ ጋዝ የሚጠቀም ወጥ ቤት።

አሁን አንድ ቀጥተኛ ጥያቄ ልጠይቅዎት። ‘ልምድ አለኝ’ ብሎ ያለ ስካውት የሄደ ወጣት በተባለው ቀን ባይመለስ፣ ሌሊት ፋኖስ ይዞ ገደል ለገደል የሚፈልገው ማን ነው? አዲስ አበባ ያለው ቡድን ነው? ወይስ አበሉን የነፈጋችሁት የደባርቅ ሰው?

ከአዲስ አበባ፦
ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በቀጥታ እመልሳለሁ። የሚፈልገው የደባርቅ ሰው ነው፤ ስለዚህም ለዚያ አገልግሎት ተጓዡ ሁሉ፣ ስካውት ያልያዘውም ጭምር፣ አስቀድሞ መክፈል አለበት። እኔ የማቀርበው እንደሚከተለው ነው፦ ከሳንቃ በር በጅንባር ፏፏቴ በኩል እስከ ግጭ ያለው መንገድ ብቻ ለሙከራ ይመረጥ፤ በድንጋይ ክምርና በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ ሥራውንም የደባርቅ ወጣቶች በክፍያ ይሥሩት። ስካውቶቹ ከእያንዳንዱ ቡድን ኋላ መከተላቸው ቀርቶ በተመደቡ ቦታዎች ላይ፣ በእመት ጎጎ አፋፍ ላይም ጭምር፣ ሬዲዮ ይዘው ይቁሙ፤ ደሞዛቸው እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም በወር ይከፈላቸው። እንግዳ በጠፋባቸው ዓመታት የደረሰውን እርስዎ ራስዎ ተናግረዋል፤ የቀን አበል ያንን ችግር ሊከላከል አልቻለም።

ከሮቤ፦
በወር የሚከፈለውን ገንዘብ የሚሸፍነው ማን እንደሆነ ካልተገለጸ የመጨረሻው አንቀጽ ምኞት ነው። የቀረውን እደግፋለሁ፤ ሲሞከር ደግሞ የዋልያ ቆጠራ አብሮ ይካሄድ። ዋልያ በዱር የሚገኘው ሰሜን ተራሮች ላይ ብቻ ነው፤ ያለ አጃቢ የሚሄድ ሰው እንስሳውን ከአፋፉ ቢያሸሸው መለኪያ ሊኖረን ይገባል።

ከደባርቅ፦
ወርኃዊ ደሞዝ የሚለውን ወድጄዋለሁ፤ በጽሑፍ ከመጣ ለማኅበራችን አቀርበዋለሁ። የሳንቃ በርና የግጭ መንገድ በምልክት ይሞከር ቢባልም አልቃወምም፤ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ሰው ቢሳሳትም የመኪናውን መንገድ ያገኘዋል። ከጨነቅ ወደ ቧሂት ተራራ የሚያወጣውን መንገድ ግን ከዚህ ንግግር አውጡልኝ። እዚያ 4,430 ሜትር ላይ ከጥቅምት በኋላ በማለዳ በረዶ ጠጥሮ ይገኛል፤ ከቧሂት ወዲያ ያለው ቁልቁለትም እስከ ወንዙ ድረስ ረጅም ነው። ደንቡ ሲሻሻል ይህ መንገድ በስሙ ተጠቅሶ ‘ያለ ስካውት አይኬድም’ ተብሎ እስካልተጻፈ ድረስ ፊርማዬን አላስቀምጥም።