ጣናን ቀይ ባሕር ማስመሰል፦ ስለ ባሕር ኃይል የቅኝት ጀልባ ድራማ ጥያቄ አለኝ

ባለድርሰቷ
ጤና ይስጥልኝ። በአንዲት የባሕር ኃይል የቅኝት ጀልባ ባልደረቦች ላይ የሚያጠነጥን ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ባሕር ዳር ልንቀርጽ እየተዘጋጀን ነው። ታሪኩ የሚካሄደው ምጽዋ፣ ዘመኑም በእኛ አቆጣጠር 1955 አካባቢ ነው። በእጃችን ያለው 12 ሜትር የብረት የጉብኝት ጀልባና ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር ያላት ትንሽ የፋይበር ጀልባ ነው። ጣና ባሕር ይመስላል ወይ? ሳንቡክ (የቀይ ባሕር ባለ ሸራ የእንጨት ጀልባ) አስቁሞ የመፈተሽ ሥርዓቱስ እንዴት ነው? ትንሿ ጀልባ ስድስት ሰው ይዛ ትፈጥናለች? የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩኝ።

ባለካሜራ
ይመስላል፣ ግን ከከተማው ዳር ሆናችሁ አትቅረጹ። ዘጌ፣ ክብራንና እንጦስ ፍሬሙ ውስጥ ይገባሉ። የብስ መታየቱ ብቻውን ክፋት የለውም፤ የሚያጋልጣችሁ ደኑ ነው። የዳህላክ ደሴቶች ዝርግና ደረቅ ናቸው፤ እንደ ክብራን ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ቀይ ባሕር ላይ ከታየ ምጽዋን የሚያውቅ ተመልካች ወዲያው ይነቃል። ደሴቶቹን አልፋችሁ ወደ ሰሜን ዙሩና ካሜራውን ዝቅ አድርጉት። ከውሃው 1 ሜትር ከፍ ያለ ሌንስ አድማሱ 3.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ 4 ሜትር ላይ ሲወጣ ግን ወደ 7 ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ዝቅ ባላችሁ ቁጥር ማዶ ያለው ዝቅተኛ ዳርቻ ከአድማሱ በታች ይቀራል።

ቀለሙ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኤዲቲንግ ላይ ሰማያዊ በመጨመር ነው። የተዋናዮቹ ፊት ይበላሻል። ጉማራ፣ ርብና ግልገል ዓባይ የሚያመጡት ደለል ጎልቶ የሚታየው ውሃውን ከላይ ቁልቁል ሲያዩት ነው፤ በአግድም ካያችሁት ሰማዩን ያንጸባርቃል። ስለዚህ በድሮን ቁልቁል አትቅረጹ። ፖላራይዘር ፊልተርም አውልቁ፤ ነጸብራቁን ሲያጠፋው ቡናማው ይወጣል። ክረምትና መስከረምን እለፏቸው። ታኅሣሥና ጥር ፀሐይ በደቡብ ስለምታልፍ ወደ ሰሜን ስትቀርጹ ከጀርባችሁ ትሆናለች፣ ውሃውም ሰማያዊ ሆኖ ይገኛል። ንግግር ያለባቸውን ትዕይንቶች ጠዋት ጨርሱ፤ ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ማዕበል የምትፈልጉበትን ለያኔ አቆዩት። ድምፁ ላይ የዓሣ አዳኝ ንስር ጩኸት እንዳይገባ፤ የሐይቅ ወፍ መሆኑን ጣና ዳር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

መልሕቅ
ዘመኑን ስለመረጣችሁ ደስ ብሎኛል። «ኢትዮጵያ» የተባለችው ትልቋ መርከብ ከአሜሪካ የመጣችው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። የቅኝት ጀልባዎቹ ግን በጣም ያነሱ ነበሩ፤ አሜሪካ ሠራሾቹ 95 ጫማ፣ ማለትም 29 ሜትር ያህል ናቸው። ስለዚህ የእናንተን 12 ሜትር ሙሉዋን በአንድ ፍሬም አታሳዩ፤ የመሪውን ክፍል፣ የፊቱን ወለልና የኋላውን ለየብቻ ያዙ።

ጂፒኤስ የለም። ቦታ የሚታወቀው በኮምፓስ፣ በካርታና በሰዓት፣ ዳርቻ ሲቀርብ በራዳር ነው። ጠንካራ ወለል ያለው የጎማ ጀልባም ያኔ ገና ስላልተለመደ ፈታሾቹ በትንሽ የእንጨት ጀልባ ይሂዱ።

አሁን ወደ ፍተሻው። ሳንቡክ ሬዲዮ የለውም፤ አዛዡ በሬዲዮ «ቁም» ቢል ማን ይሰማዋል? በባንዲራ፣ በመብራት ምልክትና በድምፅ ማጉያ፣ በአረብኛ ነው የሚጠራው። ሳንቡኩ ሸራውን ሲያወርድ የቅኝት ጀልባዋ ትጠጋለች፣ ግን አትነካውም። ከጎኑ ኋላ ራቅ ብላ ትቆማለች፤ ትንሿ ጀልባ ከመድፉና ከሳንቡኩ መካከል መግባት የለባትም፣ አለዚያ ተኳሹ በገዛ ወገኑ ላይ ነው የሚያነጣጥረው። ፈታሾቹ የሚወጡት ነፋስ በማይመታው ጎን ነው። ቀድሞ ሰው ይቆጠራል፤ ሁሉም ወደ ፊት ይሰበሰባሉ። ቀጥሎ ናኩዳው (የሳንቡኩ አዛዥ) ወረቀቱን ያቀርባል፣ ጭነቱ የሚከፈተው በመጨረሻ ነው። ድራማዎች በተገላቢጦሽ መጀመሪያ ጆንያ ይቀድዳሉ፤ ያኔ ከኋላቸው ስንት ሰው እንዳለ ሳያውቁ ጀርባቸውን ሰጡ ማለት ነው።

ማሳደድም ሕግ አለው። እ.ኤ.አ. የ1958ቱ የጄኔቫ ስምምነት ማሳደዱ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ያዛል፤ የሚታይ ወይም የሚሰማ የቁም ምልክትም መቅደም አለበት። ሸሺው ወደ ራሱ ወይም ወደ ሦስተኛ አገር የግዛት ባሕር ከገባ ያበቃል። አዛዡ ሞተሩን «ቀንስ» ብሎ ሳንቡኩ ሲሄድ ዝም ብሎ የሚያይበት ትዕይንት ከአሥር ተኩስ ይበልጣል፤ እባካችሁ እሱን ጻፉት።

የሞተር ሰው
ባለ 40 ሞተራችሁ ጣና ላይ 40 አይደለም። ሐይቁ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል። ወደ 33 ይወርዳል ማለት ነው። ስድስት ሰው ከነዕቃው 500 ኪሎ ያህል ነውና አፍንጫዋን ቀና አድርጋ እየታገለች ትሄዳለች። ፒቹ (በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚገፋበት ርቀት) በ1 ወይም በ2 ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር ግጠሙ። ሙሉ ጋዝ ስትሰጡ ዙሩ መመሪያው ላይ የተጻፈውን ከደረሰ ልክ ነው። በቀረጻ ጊዜ አራት ሰው ብቻ ጫኑ፤ ካሜራው ሌላ ጀልባ ላይ ይሁን።

እምቦጭ ያለበትን የሰሜንና የምሥራቅ ዳርቻ ራቁ። ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ የማቀዝቀዣውን ውሃ መግቢያም ይደፍናል። ከሞተሩ ኋላ የሚፈሰው ቀጭን ውሃ ከቆመ ወዲያው አጥፉ፤ ቁልፉን ነቅላችሁ፣ ሞተሩን አንስታችሁ አጽዱ። «ትንሽ እንሂድበት» ካላችሁ ሞተሩ ግሎ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ትልቋ ጀልባ ናት። አናቷ ላይ የውሸት መድፍና የብረት ማማ ልትሠሩባት ካሰባችሁ፣ ተዉት። ክብደት ከላይ ሲሆንና ተዋናዮቹ «ወደ ቀኝ!» ተብለው ሲሮጡ ትገለበጣለች። መድፉን ከፕላስቲክ ቱቦና ከስስ ኮምፔንሳቶ ሥሩት፤ የሚሮጡትም ሦስት ይሁኑ፣ ሌላው ቁጭ ይበል።

ባለድርሰቷ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሌሊት ትዕይንትም አለን፤ መብራቱስ?

መልሕቅ
ግራ ቀይ፣ ቀኝ አረንጓዴ፣ ኋላ ነጭ፣ ምሰሶ ላይ ነጭ። ቀዩና አረንጓዴው አንድ ላይ ከታዩ ጀልባዋ ወደ እናንተ እየመጣች ነው፤ እየራቀች ያለች ጀልባ ላይ ሁለቱን አታሳዩ። የመሪው ክፍል ውስጥ ደብዛዛ ቀይ ብቻ ይብራ፤ ነጭ አምፖል ከበራ ዓይን ጨለማውን መልሶ ለመልመድ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። አድፍጠው ሲጠብቁ ደግሞ የውጭው ሁሉ ይጥፋ፣ ሲጋራም ጭምር። እናንተ ግን ቀረጻው ሲቆም ወዲያው አብሩት፤ ሌሊት ሐይቁ ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ዓሣ አጥማጅ አለ።